ለሦስት እሑድ የተሰቀለ አክሊል

ለምወድሽ ታናሽ እህቴ፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። እንደምን ከረምሽ? ሳሉ ለቀቀሽ ወይ? እመቤትሽስ አሁንም ምድር ቤት ያለ እሳት ነው የምታስተኛሽ? እግርሽ ላይ የወጣው ቁስል ደረቀ ወይስ አሁንም ቆመሽ ነው የምትውይበት? እኔ በአካሌ ደህና ነኝ። ዓይኔ ግን ለጥቁር ቆዳ አልታዘዝ ብሎኛል፤ ነጩን ጓንት ብቻ ነው የምሰፋው። ድመቷ አለች። ጣሪያው ያፈሳል። የጤናው ወሬ ይኸው ነው፤ ከዚህ በታች ያለው የጤና አይደለም።

የኬዛያን ሞት ከቄሱ ደብዳቤ እንደሰማሽ አውቃለሁ። እኔ ራሴ ያልጻፍኩልሽ በክፋት አይደለም። ብዕር ባነሣሁ ቁጥር አንዲት ቃል ላይ እቆማለሁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ «ልጄ ደህና ናት» እያልኩ ስጽፍልሽ፣ አንቺም «ልጅሽን ሳሚልኝ» እያልሽ ስትመልሽልኝ ኖርን። የፖስታ ቤቷ ሴትዮ ደብዳቤ በእንፋሎት እንደምትከፍት ስለምናውቅ አንዳችንም ከዚያ ዝንፍ ብለን አናውቅም። ዛሬ «ልጄ ሞተች» ብዬ ላንቺ ልጽፍ እጄ እምቢ አለኝ። ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ ግን ወደ እናንተ ከተማ በባቡር የሚሄድ የጎረቤት ሰው ነውና እንደ ልቤ እጽፋለሁ።

ነገሩን ከመጋቢት ቅጥር ልጀምርልሽ። ኬዛያ ጓንት መስፋት ሰለቸኝ፣ ወገቤን አጎበጠኝ አለች፤ እውነቷን ነበር። ሚስተር ሮድባርድ ለወተት ቤቱ ሴት ይፈልግ ነበርና ለዓመት ተቀጠረች። ይህንኑ በደስታ ጻፍኩልሽ፤ ስሙንም ጨምሬ። ሰውየውን አታውቂውም ብዬ ነው። አጎቱ ሞቶ እርሻውን የወረሰው ካቻምና ነው። ከዚያ በፊት፣ ጎረምሳ ሳለ፣ አንድ በጋ ብቻ አይብ ሥራ ሊማር አጎቱ ዘንድ ከርሞ ነበር ይላሉ። ያን በጋ እኔ ከባለቤቴ ጋር ድንጋይ የሚፈለጥበት አገር ነበርኩ። እዚያ ቤት አይብ ትሠሪ የነበርሽው አንቺ ነሽ። ከዚያ አንቺ እኔ ዘንድ መጥተሽ ከረምሽ፤ በዓመቱ እኔ ባሌን ቀብሬ፣ ሕፃን ታቅፌ መጣሁ፤ አንቺ ወደ ሰሜን ሄድሽ። ሰው ሁሉ «ምስኪን፣ አባቱን የማያይ ልጅ ወለደች» አለ፤ እኔም አላረምኳቸውም። የአባቷን ስም አልነገርሽኝም፤ አልጠየቅሁሽም። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ።

ለዚያ ደብዳቤዬ የመለስሽልኝ ሁለት መስመር ነበር። «ልጅቷን ከሮድባርድ ቤት አውጫት። ለምን ብለሽ አትጠይቂኝ።»

እውነቱን ልንገርሽ፤ ተቆጣሁ። የዓመት ቃል ሰጥታ ጥላ የወጣች ሠራተኛ ዳኛ ፊት እንደምትቆም ታውቂያለሽ። ደግሞም ቅናት መሰለኝ። «ምን ጎደላት? አልጋ አላት፣ ወተት ትጠጣለች፣ ጌታዋ የሰበካ ሹም ነው» ብዬ መለስኩልሽ። መጨረሻውም ላይ «ያሳደግኋት እኔ ነኝ፤ የሚበጃትን እኔ አውቃለሁ» አልኩሽ። ያቺን የጻፍኳት እንድታምሽ ብዬ ነው። እንዳመመችሽም አውቃለሁ፤ ከዚያ ወዲያ አልጻፍሽልኝም።

ኅዳር ከመግባቱ በፊት፣ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ቤት መጣች። ምሳ አልበላችም። ምድጃው አጠገብ ተቀምጣ እጇን ስታሸት ቆየችና፣ «እናቴ፣ ሰው ዓመቱ ሳይሞላ ከተቀጠረበት ቢወጣ እውነት ያስሩታል?» አለችኝ። እኔ የጓንት አውራ ጣት እየሰፋሁ ነበር፤ አውራ ጣት ዓይን እንደሚፈልግ ታውቂያለሽ። ቀና ሳልል «ያስሩታል» አልኳት። «ስንት ወር?» አለች። «ሦስት ይሆናል፤ ምነው፣ ወተቱ መረረሽ እንዴ?» ብዬ ቀለድኩባት። ሳቅ አለችልኝና ሻሏን ለብሳ ሄደች። እህቴ ሆይ፣ ያን አውራ ጣት እስካሁን አልጨረስኩትም።

በሁለተኛው ሳምንት ወፍጮ ቤቱ ጋ ከቦዩ ውስጥ አወጧት። ለሞት መርማሪው የመሰከረው ሮድባርድ ራሱ ነው። የቦዩ መሻገሪያ ሳንቃ ውርጭ ይዞ ነበር፣ የወተት ባልዲዎቹን በትከሻዋ ተሸክማ ስትሻገር አዳለጣት አለ። መርማሪው ያንኑ ጻፈ፤ ቄሱም በቤተ ክርስቲያን አጥር ውስጥ ትቀበር አሉ። እኔም ሳንቃውን ማመን መርጫለሁ። አንቺም ምረጪው፤ ሌላውን ማሰብ አይጠቅመንም።

ጎረቤቶቹ ሊያጥቧት መጡ። ልብሷን ስፈታ የወገብ ማሰሪያዋን እስከ መጨረሻው ቀዳዳ አላልታ እንደታጠቀች አየሁና በሩን ዘጋሁባቸው። «ውሃው መልኳን ለውጦታል፣ እኔ ብቻ ልያት» አልኳቸው። መልኳ አልተለወጠም ነበር። ብቻዬን አጠብኳት። ከፀነሰች አራት ወር ይሆናታል።

ሣጥኗንም ከወተት ቤቱ ላኩልኝ። ከልብሷ ሥር፣ በስቶኪንግ የተጠቀለለ የብረት መቀርቀሪያ አገኘሁ። ከቀጥቃጩ የተገዛ፣ አዲስ። ምስማሮቹ ተጣመው የእንጨት ስንጣሪ ይዘዋል። በሩ በጉልበት ሲገፋ ከነእንጨቱ ተነቅሏል። ከወተት ቤቱ በላይ ወዳለችው ክፍል የሚወጣው በጌታው ደረጃ ብቻ እንደሆነ ለአንቺ መንገር አያስፈልገኝም።

አጥቤያት ጨርሼ በሩን ስከፍት ሴቶቹ ነጭ ወረቀት ይዘው ቆመዋል። ለአክሊሉ ነው። ልማዱን መቼም አልረሳሽውም። ሳታገባ፣ ስሟ በክፉ ሳይነሣ የሞተች ልጅ የወረቀት አክሊል ይሠራላታል፤ በመካከሉም በእጇ ልክ የተቆረጠ ጥንድ የወረቀት ጓንት ይንጠለጠላል። ሦስት እሑድ በሩ አጠገብ፣ ዝቅተኛው ችንካር ላይ ይሰቀላል፤ የሰበካው ሹም በየእሑዱ ተቃዋሚ እንዳለ ይጠይቃል። ማንም ካልተናገረ ወደ ላይ፣ ጣሪያው ሥር ይወጣል፤ ከዚያ ወዲያ የሚነካው የለም። የአክስታችን የቻሪቲ አክሊል አሁንም እዚያው አለ፤ ወረቀቱ ሻይ የፈሰሰበት መስሏል።

አይሠራላት ብል ያ ራሱ መልስ ነበር። ደወል ደዋዩ ሽማግሌ ኤይብል ኮፍያውን አውልቆ ደጃፌ ላይ ቆመና «መጠየቅ ስላለብኝ ነው እንጂ፤ ስሟ ያልጎደፈ ነበረች ትያለሽ?» አለኝ። «እላለሁ» አልኩት። ምላሴ አልተደናቀፈም። እንግዲህ ኬዛያን ውሸቴ ጣሪያ ሥር ያኖራታል ብዬ አሰብኩ፤ ከዚህ ሌላ የምሰጣት ምን ነበረኝ?

አክሊሉን ሳዘጋጅ የሰፈራችን ልጅ ፊቢ መጥታ ታግዘኝ ነበር። አታውቂያትም፤ አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው፣ እናቷ ባል የሞተባት ልብስ አጣቢ ናት። ጽጌረዳዎቹን እሷ ቆረጠች፤ ስትቆርጥ ምላሷን ታወጣለች። አፏ አያርፍም። «አክስቴ፣ እኔ ስሞት ሰማያዊ አድርጉልኝ፤ ነጭ አያምርብኝም» ትለኛለች። «አንቺማ ሁለት ባል ቀብረሽ ነው የምትሞቺው» እላታለሁ። ጓንቱን ግን እኔ ቆረጥኩት። የኬዛያ ትንሿ ጣት ከላይኛው አንጓ ወደ ውስጥ እንደምትታጠፍ ጽፌልሽ አላውቅም መሰለኝ። ከተወለደች ጀምሮ ነው፣ በሁለቱም እጇ። ጓንት በሰፋሁላት ቁጥር ትንሿን ጣት ለብቻዋ አጣምሜ ነበር የምቆርጠው። ከእኛ ወገን እንዲህ ያለ ጣት የለም። የወረቀቱንም እንደዚያው ቆረጥኩት።

በመጀመሪያው እሑድ ሮድባርድ ተነሥቶ ጠየቀ። እሳቸው ማለት ነበረብኝ፤ ዛሬ ግን አንቱታውን ለሌላ ሰው አቆየዋለሁ። «ይህች ልጅ ይህ አክሊል አይገባትም የሚል አለ?» አለ። የሚያምር ድምፅ አለው፤ መዝሙር ይመራል። እሱም ትንሽ ጠብቆ «የለም» ብሎ ተቀመጠ። እህቴ፣ እንደዚያ ሲጠይቅ ፊቱ ላይ የፈለግሁትን ብታውቂ። ምንም አልነበረበትም።

በሁለተኛው እሑድ የጸሎት መጽሐፉ ገጽ አልገለጥ ብሎት የቀኝ ጓንቱን አወለቀ። ሁልጊዜ ጓንት የሚያደርግ ሰው ነው፤ ከከተማ ነው የሚያሰፋው። እጁን ሲያነሣ አየሁት። ሠላሳ ዓመት ጓንት የሰፋሁ ሴት ነኝ። የሰው መልክ ሊያሳስተኝ ይችላል፤ እጅ አያሳስተኝም።

ከዚያ ወዲያ ቄሱ ምን እንደሰበኩ አልሰማሁም። ያቺን ሁለት መስመርሽን ነበር የማነበው፤ በቃሌ ይዣታለሁ። የፈሩት ይደርሳል ይላሉ። አንቺ ፈርተሽ ጻፍሽልኝ፤ ያደረስኩት ግን እኔ ነኝ።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ፊቢ እየሮጠች መጣች። ጉንጯ ቀልቷል። «አክስቴ፣ ሚስተር ሮድባርድ ቀጠሩኝ! የኬዛያን ቦታ ነው የሰጡኝ። ክፍሏንም። ትራሱ እኮ የላባ ነው።» ከሰኞ ጀምሮ ልትገባ ነው። ሻሌን ለበስኩና እናቷ ዘንድ ሄድኩ፤ ልብስ እየጨመቀች አገኘኋት።

«ልጅሽን እዚያ ቤት አትስደጂ» አልኳት።

«ምነው?» አለችኝ።

«ለምን ብለሽ አትጠይቂኝ።» እህቴ፣ ይህን ነው ያልኳት፤ ያንቺኑ ቃል።

ጨርቁን ጣለችና እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። «ስሚኝ» አለች፤ «ልጅሽ በመሞቷ አዝኜልሻለሁ። እንባዬን አይተሻል። ግን ቦታዋ ለልጄ በመድረሱ ዓይንሽ ሊቀላ አይገባም። ምን ጎደለባት እዚያ? ያንቺዋ ስምንት ወር ሠርታ ምን ነካት? ይኸው የድንግል አክሊሏ ተሰቅሎ የለም ወይ? ከዚህ በላይ ምን ምስክር አለ?»

ወጥቼ መንገድ ላይ ቆሜ ቀረሁ። እኔ ለልጅቷ ክብር ብዬ የሰቀልኩት አክሊል የሰውየው ምስክር ወረቀት ሆኖ ኖሯል። በዋሸሁ ቁጥር ቤቱን እያጸዳሁለት ነበር። አክሊሉ ጣሪያ ሥር ከወጣ በኋላ ደግሞ የሚነካው የለም። ፊቢ ወደዚያች ክፍል ትወጣለች፤ ከሷም ወዲያ ሌላዋ፤ ሁሉም ቀና ብለው ኬዛያን እያዩ።

ሳምንቱን በሰበብ አስባብ ፊቢን አቆየኋት። ወገቤን አመመኝ፣ የጓንት ሥራ በከረጢት የምታመላልሰው ሴትዮ ለሐሙስ መቶ ጣት ትፈልጋለች፣ አግዢኝ አልኳት። እናቷም ሳትወድ ፈቀደች፤ እስከሚቀጥለው ሰኞ ብቻ አለች። ፊቢ እየሰፋች ታወራለች፣ እኔ እየሰማሁ ኬዛያን አማክራለሁ። «ልጄ፣ አክሊልሽን ባወርደው ትቀየሚኛለሽ?» እላታለሁ። ይህን ያህል ጊዜ እናቴ ስትለኝ ኖራ ለዚህ ግን አልመለሰችልኝም። አንቺን ልጠይቅሽ አሰብኩ፤ መብቱ ያንቺ ነበርና። ደብዳቤ ደርሶ እስኪመለስ ግን እሑድ አይጠብቀኝም። ስለዚህ ያንቺን መብት እኔ ወሰድኩት። ይህ ሁለተኛዬ ነው።

ሦስተኛው እሑድ ትናንት ነበር። መቀርቀሪያውን በመሐረብ ጠቅልዬ ኪሴ ከተትኩ። ሮድባርድ ከፊት ካለው ባለ በር መቀመጫው ተነሥቶ በዘንጉ ወደ አክሊሉ አመለከተ። «ለሦስተኛና ለመጨረሻ ጊዜ እጠይቃለሁ» አለ።

ተነሣሁ። ደፋር የሆንኩ እንዳይመስልሽ፤ የፊተኛውን መቀመጫ ጨብጬ ነው የቆምኩት። «እኔ ተቃዋሚ ነኝ» አልኩ።

ቄሱ በሐዘኔታ አዩኝና «ተቀመጪ፣ እናት በልጇ ላይ አትነሣም» አሉኝ።

«ያጠብኳት እኔ ነኝ» አልኳቸው። «አራት ወር ሆኗት ነበር። ለኤይብል ዋሽቼዋለሁ፤ ይቅር ይበለኝ። የተቀጠረችው በመጋቢት ነው፣ የሞተችው በኅዳር፤ መቁጠር የሚችል ይቁጠር። ይህ ደግሞ ከመኝታዋ በር የተነቀለ ነው።» መቀርቀሪያውን ፈትቼ የፊቢ እናት ጉልበት ላይ አስቀመጥኩላት። ምስማሮቹን በጣቷ ዳሰሰች። «የማን እንደሆነ ለማወቅ ሩቅ አትሂዱ፤ ጠያቂው ያውቃል» አልኩ።

አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም፤ ግማሹ ጫማውን ያያል፣ ግማሹ መስኮቱን። ሮድባርድ ግን ፈገግ አለ። «ሐዘን አእምሮዋን ነክቶታል፤ ደግፋችሁ ወደ ቤቷ ውሰዷት» አለ፣ በዚያ በሚያምር ድምፁ።

ወደ በሩ ሄጄ አክሊሉን ላወርድ እጄን ዘረጋሁ። ሽማግሌ ኤይብል መጣና ከችንካሩ አንሥቶ ሰጠኝ። በዚያ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሰው ያየሁት እሱን ብቻ ነው። ከመካከሉ የቀኝ እጅ የወረቀት ጓንቱን በጠስኩና ወደ ሮድባርድ መቀመጫ ሄድኩ። ባዶ እጁ በተከፈተው መጽሐፍ ላይ ነበር። ወረቀቱን ከእጁ ጎን አስቀመጥኩት፤ ጣት ከጣት፣ ትንሿን ከትንሿ ትይዩ።

መጀመሪያ አልገባውም። ከዚያ አየ። ወረቀቱን አየ፣ የራሱን ጣት አየ፣ እኔን አየ፤ ቀጥሎ የት እንዳየ ልንገርሽ? የዛሬ ሃያ ዓመት የወተት ቤት ሴቶች ይቀመጡበት ወደነበረው ወደ ኋለኛው ወንበር። ባዶ ነበር። እጁን ጨበጠ። ፈገግታው ከፊቱ ላይ አልወረደም፤ የሚያወርደው ጠፍቶት እዚያው ቀረ።

ሌላ ቃል አልተናገርኩም። ሰው ሁሉ ያየው አንዲት ያበደች ሴት ወረቀት ስታስቀምጥ ነው። ያ ሁለተኛው ነገር ያንቺ ነው፤ አንቺ ካላወጣሽው በእኔ አፍ አይወጣም። እሱ ግን ያውቃል። በቀረው ዕድሜው ጓንቱን ባወለቀ ቁጥር ያውቃል።

የፊቢ እናት መቀርቀሪያውን በሽርጧ ይዛ፣ ልጇን በክንዷ ጎትታ በመካከሉ መተላለፊያ ወጣች። እኔን ቀና ብላ አላየችኝም። ዛሬ ሰኞ ነው፤ ጠዋት ፊቢን በመስኮት አየኋት፣ ከእናቷ ጋር ልብስ ታሰጣለች። ወደ ወተት ቤቱ አልሄደችም።

ለኬዛያ ግን መክፈያዋ ይህ ሆነ። ቄሱ ስሟን ከአክሊሉ መዝገብ ሰርዘዋል። ልጆች ዛሬ ከአጥሩ ማዶ ስሟን እየጠሩ ሲዘፍኑ ሰማሁ፤ የእሱን ስም የዘፈነ የለም። እሱ በሚመጣው እሑድም ከፊት ይቀመጣል። ከረጢት የምታመላልሰው ሴትዮ በደጄ ሳትቆም አለፈች። ቤቱም የእሱ መሬት ላይ ነውና እስከ መጋቢት ልቀቂ ተብያለሁ። አክሊሉን መቃብሯ ላይ አኖርኩት። ዝናብ ሲጀምር ቆሜ አየሁት፤ ጽጌረዳዎቹ እየሟሙ አፈሩ ውስጥ ገቡ። የሠራሁት ልክ ይሁን አይሁን አላውቅም። ፊቢን ሳያት ልክ ነው እላለሁ፤ መቃብሩ ጋ ስደርስ ይጠፋኛል።

ይቅርታሽን አልለምንም። በሚያዝያ አውጫት ስትይኝ ባወጣት ኖሮ ታሥራ በሦስት ወር ትፈታልን ነበር። ተቆጪኝ፤ ብቻ ጻፊልኝ። «እህቴ» ብለሽ መጀመር ካቃተሽ ያለ ሰላምታ ጀምሪው።

የግራውን እጅ ጓንት ከዚህ ወረቀት ጋር አጥፌ ልኬልሻለሁ። በጥንቃቄ ዘርጊው፣ ስስ ነው። እጅሽን ጫኚበት። መዳፉ፣ አውራ ጣቱ፣ የረዘመችው መካከለኛዋ ሁሉ ልክሽ ነው፤ ካንቺ የማይገጥመው ያቺ ትንሿ ጣት ብቻ ናት።

እግዚአብሔር ሳልሽን ያርቅልሽ፣ እሳት ያለበት ክፍል ይስጥሽ፣ እኔ ያላየሁትን የልብሽን እሱ ይይልሽ። አንቺ የሰጠሽኝን በሰላም መመለስ ያልቻልኩ፣

ታላቅ እህትሽ